ያልተነገረ እሳት

ሴት በሴት ብትቀና ወግ ነው፤ ይሰደቡበታል፣ ይለቀስበታል፣ በኋላም ይታረቁበታል። የስመኝ ቅናት ግን ለሽማግሌ እንኳ የማይመች ነበር። የቀናችው ሰማይ ላይ በተሰቀለች ሳተላይት ነው። አስታራቂ ይላክባት ቢባል በምን መሰላል ይወጣል?

ሳተላይቷ በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት። ሥራዋ ግን አንድ ነው፤ የትም አገር ይሁን የት ሚሳኤል ከመሬት ሲነሳ ነበልባሉን አይቶ መናገር። ሕዝቡ "እሜቴ" ይላታል። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰማንያዎቹ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሚሳኤልን እንደ ጃንጥላ በየጓዳው አቁሟልና እሜቴን ማስቀየም የሚፈልግ የለም። ከቤት ጣሪያ በላይ የሚነሳ እሳት ሁሉ አስቀድሞ ይነገራታል። ጡብ የሚያቃጥል ይናገራል፤ ከሰል የሚያከስል ይናገራል። ደመራ እንኳ በየወረዳው ተራ ይዞ ነው የሚለኮሰው። የአንዱ ሳይጠፋ የሌላው አይነሳም፤ ተራ የማይደርሳቸው ወረዳዎች መስቀልን የሚያከብሩት ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ ነው። በዚህ የሚገረም ሰው አልቀረም። በየቤቱ ወለል ሥር ጉድጓድ አለ። ለጋብቻ የሚመጣ ሽማግሌም "ልጁ ምን አለው?" ተብሎ አይጠየቅም፤ "ጉድጓዱ ስንት ሰው ይይዛል?" ነው የሚባለው።

ስመኝ አዋሽ ዳር ባለ የሸንኮራ እርሻ የቃጠሎ አለቃ ናት። አገዳ ከመቆረጡ በፊት ደረቅ ቅጠሉ በእሳት ይነሳለታል፤ እባቡም ይወጣል፣ ቆራጩም እንደ ልቡ ይገባል። ስመኝ ችቦ ከማስነሳቷ በፊት ስልኳን አንስታ የማሳውን ስም ትናገራለች። ከወዲያ በኩል አንድ ለስላሳ የማሽን ድምፅ "እሜቴ ሰምታለች" ይላታል። በቃ፣ ይለኮሳል። ይህችን "ሰምታለች" የምትል ቃል ስመኝ ከባሏ ቃል ሁሉ አብልጣ ሰምታታለች።

ባሏ ይትባረክ የእሜቴ ጠባቂ ነው፤ የምትልከውን ምስል ያያል። ወር ሙሉ ተራራ ላይ ጣቢያ ይከርምና ለሳምንት ወደ ቤቱ ይወርዳል። ጠባቂዎች ብቻቸውን አይቀመጡም፤ የአንድ ሰው ዓይን ይሳሳታልና ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንደኛው "አየሁ" ካለ የመጀመሪያው ሳይረን በአገሩ ሁሉ ይጮኻል፤ ሰው ጉድጓድ ይገባል። ሌላውም "አየሁ" ካለ ሁለተኛው ሳይረን ይከተላል። ያን ጊዜ የእኛዎቹ ሚሳኤሎች ማንንም ሳይጠይቁ ይነሳሉ። ሁለተኛውን ሳይረን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ይሰማዋል ተብሎ የሚጠበቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እነዚህ ጥንዶች የሚበሉት አንድ ነው፣ የሚተኙበት ሰዓት አንድ ነው፣ የአንዱ ትንፋሽ በሌላው ጆሮ ውስጥ ሲሰማ ይውላል። እረፍት ሲወጡ እንኳ አምባር አይወልቅላቸውም። የአንዱ ልብ ምት በሌላው አንጓ ላይ ይመታል። የይትባረክ ጥንድ ኬብሮን የምትባል ሴት ናት፤ ስመኝ በዓይኗ አይታት አታውቅም።

አለማየቷ ባሰ። ያዩት ሰው ቢያንስ አፍንጫው ይጎረብጣል፣ ጥርሱ ይገጥጣል፤ ኬብሮን ግን ስመኝ በፈለገችው መጠን ታምር ነበር። የኬብሮን ጨጓራ ቅመም አይወድም ተባለ፤ ጥንድ ደግሞ የሚበላው አንድ ነው። እናም ስመኝ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ድስቷ፣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ከወጧ አወጣች። "ላላየኋት ሴት ጨጓራ ስል አልጫ ስበላ ልሙት?" ትላለች ለድስቱ። ይትባረክ ሲተኛ ደግሞ ትንፋሹ ከእሷ ትንፋሽ ጋር አይገጥምም፤ ከሌላ ሰው ጋር እኩል የሚተነፍስ ነው የሚመስለው። ሸሚዙ የሌላ ሴት ሽቶ ቢሸታት ኖሮ በወጉ በተጣላች፤ ትንፋሽን ምን ብለው ይከሱታል?

አንድ ቀን ምሳ ላይ ይትባረክ ጉርሻውን አየር ላይ ይዞ ቆመ። ሌላው እጁ አንጓውን ያዘ።

"ደንግጣለች" አለ።

"ማን?"

"ኬብሮን።"

"እኔም ደንግጫለሁ። ወጡ ቀዘቀዘ።"

"ስመኝ፣ ሥራ ነው እኮ።"

"ሥራ በአምባር ይታሰራል? ይኸው ያንተ ቀለበት ከጣቴ ወርዶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ትር ብሎ ግን አላየሁም!"

ይትባረክ ሳቀ። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱም ያናድዳል። ስመኝ ግን አልሳቀችም። ሆዷ ውስጥ የቆየ አንድ ጥያቄ ነበራት፤ ለራሷም ያሳፍራት ስለነበር ዓመታት አፍናዋለች። ያን ቀን ወጣ።

"ከላይ ሆነህ እሳቴን ስታይ ምን ትላለህ?"

"የትኛውን እሳት?"

"የኔን ነዋ! የማቃጥለውን።"

ይትባረክ የጥያቄው ክብደት አልገባውም። "እሱማ አይታየንም" አለ፤ እንጀራውን እየቆረሰ። "የተነገረ እሳት እሜቴ ከምስሉ ላይ ቀድማ ታጠፋዋለች። እኛ ጋ የሚደርሰው ያልተነገረው ብቻ ነው።"

"አንድም ቀን አላየህም?"

"አንድም ቀን። ደግሞ ባይነገር ነው የሚያስፈራው።"

ስመኝ ተነስታ ሳህኑን አነሳች። ይህ ሰው ተራራው ላይ ከወጣ ጀምሮ እያንዳንዱን ማሳ ስትለኩስ ባሌ ያየኛል ብላ ነበር። ሌላ ሴት ፀጉሯን እንደምትሠራ እሷ እሳቷን አሳምራ ታስነሳ ነበር፤ ጠርዙ ቀጥ እንዲል፣ ጭሱ እንዳይንጋደድ ትጠበብ ነበር። ለካ ሁሉንም ያቺ ሰማይ ላይ ያለችው ከዓይኑ ሥር እየጠረገች ትጥለው ኖሯል። የኬብሮን ልብ ትር ባለ ቁጥር አንጓው ይሰማል፤ የሚስቱን እሳት ግን አያይም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለች ማጠቢያው ላይ ቆማ።

ይትባረክ ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ስመኝም ውሳኔዋን ያዘች፤ አንድ ማሳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳትናገር ታቃጥላለች። ቢበዛ ምን ይመጣል? "የማን እሳት ነው?" ይባላል፣ እሷ ትጠራለች፣ ትገሠጻለች፣ ትቀጣለች። ይትባረክ ግን ያየዋል። ከኬብሮን ጎን ተቀምጦ የሚስቱን እሳት ያያል። ከዚህ ወዲያ ያለውን አላሰበችም፤ ቅናት ሩቅ አያይም።

የመረጠችው ጉማሬ የሚባለውን ማሳ ነው፤ ወንዝ ዳር ያለ፣ አገዳው የጎለመሰ። በማለዳ ሠራተኞቿን ይዛ ደረሰች። ከሁሉም አንጋፋው ጋሽ ላምቤቦ ችቦውን ይዘው ጠበቋት።

"አለቃ፣ ነግረሻታል?"

"ነግሬያታለሁ።"

"‘ሰምታለች’ አለች?"

"ኧረ ጋሽ ላምቤቦ! መቼ ነው ሳልናገር ያስለኮስኳችሁ?"

ሽማግሌው አፈሩ። እውነቷን ነው፤ አድርጋው አታውቅም። ችቦውን አቀበሏት።

አገዳ ዝም ብሎ አይለኮስም። መጀመሪያ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያለው ጠርዝ ይነሳል፤ ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች፤ በመጨረሻ ነፋሱ የሚመጣበት። እሳቱ ከየአቅጣጫው ሮጦ መሃል ላይ ሲገናኝ መሄጃ ያጣና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቆማል። ስመኝ ግን ከሌሎች አለቆች የምትለይበት አንድ ነገር ነበራት፤ በወንዙ በኩል አንዷን ማዕዘን ሳትለኩስ ትተዋለች። "የአውሬ በር" ትላታለች። አገዳው ውስጥ ያደረ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ከርከሮ በዚያ ይወጣል። ሌሎቹ አለቆች ጊዜ ያባክናል እያሉ ይስቁባታል። ይትባረክን ያገኘችውም በዚችው በር ነው። ያኔ እርሻው ውስጥ የቦይ ውሃ ከፋች ነበር፤ በሯ ፊት ቆሞ ይህች ሴት ምን ትሠራለች ብሎ ሲያይ፣ አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ወጥታ ቦይ ውስጥ ዘረረችው። ጭቃውን ሲጠርግ ስመኝ እየሳቀች እጇን ሰጠችው። እጇን አልመለሰላትም።

ያን ማለዳም በሯን ተወች። ጃርቶች ወጡ። አንድ ዘንዶ እየተጎተተ ወጣ። እሳቱ መሃል ላይ ተገናኘና ቆመ፤ እንዲህ ያማረ እሳት ለኩሳ አታውቅም። ስመኝ አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች። "በል እንግዲህ እየኝ" አለች በልቧ። "ያቺንም አሳያት።"

ሳይረኑ ጮኸ።

መጀመሪያ አልገባትም። ሳይረን ለሌላ ነገር፣ ለሌላ አገር፣ ለጠላት የሚጮህ ነው። ሠራተኞቹ ችቦ እየጣሉ ወደ ጉድጓዶቹ ሮጡ። የእርሻው ሴቶች ልጅ እያንጠለጠሉ፣ አንዷ የጀመረችውን ሊጥ እንደያዘች፣ ሁሉም መሬት ውስጥ ገባ። ጋሽ ላምቤቦ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዞረው አዩዋት። እሷን አዩ፣ እሳቱን አዩ፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን። ፊታቸው ተለወጠ።

"ስመኝ" አሉ፤ አለቃ አላሏትም። "ነግሬያታለሁ አላልሽም?"

ወደ እሳቱ ዞረች። ከላይ ለሚያይ ሰው ይህ እሳት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው የገባት። አንዱ ጠባቂ "አየሁ" ብሏል። ሁለተኛውም ካለ የእኛዎቹ ይነሳሉ፤ የእኛ ሲነሳ የነሱም ይነሳል። የሊጡ ሴትዮ፣ ጋሽ ላምቤቦ፣ ወንዙ፣ ይሄ ሁሉ አገር ባሌ ይየኝ ባለች አንዲት ሴት ያልቃል።

"አትየኝ" አለች። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ጮክ ብላ። "ይትባረክ አትየኝ! በማርያም አትየኝ! ምንም አላየሁም በል!"

እሳቱ ቆሞ ነደደ። ሳይረኑ ጮኸ። ስመኝ እጆቿን ወደ ሰማይ አንስታ እንደ አበደች እያወዛወዘች ለመነች፤ ተደብቃ አይደለም፣ ሰው ሁሉ ከየጉድጓዱ እየሰማት። ከዚያ ሳይረኑ መሃል ላይ ተቆርጦ ቀረ። ሁለተኛው አልመጣም። ቅጠሉ ነድዶ አለቀና እሳቱ በራሱ ጊዜ ወደቀ።

ከሰዓት በኋላ ወታደሮች መጥተው ወሰዷት። ማን እንዳደረገው አልጠየቁም፤ ስሟን ይዘው ነው የመጡት።

እስር ቤት ጠያቂ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ስመኝ ባሏን ጠበቀች። የመጣችው አንዲት ፀጉሯ የነጣ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ጫማዋ ጎኑ የተቀደደላት ሴት ናት። የምግብ ሳህን በፌስታል ይዛለች።

"ስመኝ የምትባዪው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ኬብሮን ነኝ።"

ወይ ጉድ! የእናቷ እኩያ። ያን ሁሉ ዓመት በልቧ "ይህቺ" እያለች የሰደበቻትን ሴት ስታይ ምላሷ ሳታዘው "እርስዎ" ወደሚለው ዞረ፤ ይህም ራሱ አናደዳት። ሽበት ያየ ቅናት ይበርዳል ይላሉ ሰዎች። አልበረደም።

"ባሌስ?"

"ይመረምሩታል። ደህና ነው" አሉ ወይዘሮ ኬብሮን። ሲናገሩ አንጓቸውን ዳሰስ አደረጉ። "አምባሩን እስኪፈቱት ድረስ አውቃለሁ።"

የባሏን ደህንነት ከሌላ ሴት አንጓ ሰማች። ደሟ ፈላ። ያቺ የእስር ቤት ወንበር ባትይዛት ምን እንደምትል እንጃ።

"ምን ሆነ?" አለች። "ይንገሩኝ።"

"‘አየሁ’ አልኩ። እዚያ ወንበር ላይ አርጅቼ ያችን ቃል ያልኳት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዴት አልልም? ቀጥ ብሎ ቆመ እኮ! ይትባረክ ግን ዝም አለ። ልቡን ስሰማው ሊፈነዳ ነው። ‘በል እንጂ!’ ብዬ ጮህኩበት። ‘በር አለው’ አለኝ። ‘ምን አለው?’ ብለው፣ ‘እሳቱ በወንዙ በኩል በር አለው። ሚሳኤል በር የለውም። ሚስቴ ናት’ አለ።"

ስመኝ ከንፈሯን ነከሰች። ዓይኖቿ ሞሉ።

"አለቆቹ በምን አወቅህ አሉት" ቀጠሉ ወይዘሮ ኬብሮን፤ ድምፃቸው እየጠነከረ። "ስምሽን ባይጠራ ሌላ ጥንድ ያስቀምጡ ነበር። እነሱ ደግሞ በር የሚባል ነገር አያውቁም፤ ሁለቱም ‘አየሁ’ ይሉ ነበር። ስለዚህ ጠራሽ። ሕጉ ደግሞ ሕግ ነው፤ ከእሳት ጀርባ ሰው ያየ ጠባቂ ወንበሩን ይለቃል። አበቃ።"

"ስለ በሩ እርስዎ ያውቁ ነበር?"

"ኧረ ተይኝ! ነግሮኝ ነግሮኝ ጆሮዬ ደንቁሯል። ከርከሮዋ ቦይ ውስጥ የጣለችውን እንኳ ሳይቀር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰልችቶኝ ነበር። አገዳ አይቼ የማላውቅ ሰው በሕልሜ አገዳ አያለሁ።"

ስመኝ ይህን ስትሰማ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም አላት። ግን ያቺ ከርከሮ፣ ያ ጭቃ፣ ያ ሳቅ የእሷና የእሱ ነበር፤ የሌላ ሴት ጆሮ ውስጥ ከርሞ በሕልም መውጣቱ አንገበገባት። ሰው እንዴት ያለ ፍጥረት ነው!

ወይዘሮ ኬብሮን ሊሄዱ ተነሱ።

"አዲስ ሰው ሰጥተውኛል" አሉ። "ጎበዝ ነው ይሉታል። ትንፋሹ ግን ይረብሸኛል። በሕይወቱ ክብሪት ጭሮ አያውቅም። እንዲህ ያለ ነገር እንደገና ቢመጣ እኔ ‘አየሁ’ እላለሁ፤ እሱም ‘አየሁ’ ይላል። ይህን እያሰብሽ ተኚ።" ፌስታሉን ገፋ አደረጉላት። "ብዪ። አልጫ ነው።"

ስመኝ ክረምቱን ታስራ ወጣች። ከሻማ በላይ እሳት እንዳትለኩስ ዕድሜ ልክ ተከለከለች። ጋሽ ላምቤቦ የቃጠሎ አለቃ ሆኑ። መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላም ይሏታል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስተውባት አያውቁም፤ እሷም ቀና ብላ አታያቸውም። የአውሬውን በር ግን ይተዋሉ፤ ማታ ከደጇ ስትቆም ታየዋለች።

ይትባረክም ወደ ድሮ ሥራው፣ ወደ ቦዩ ተመለሰ። አንጓው ላይ አምባሩ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አልወቀሳትም፤ ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። ስመኝ ባሏን አገኘች፤ ምሳም ራትም፣ ሰኞም እሑድም። ነጭ ሽንኩርቱን ቀጠቀጠች፤ በርበሬውን ነሰነሰች። ይትባረክ እያላበው፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ይበላላታል። "ጣፈጠህ?" ትለዋለች። "ጣፈጠኝ" ይላል። ሲተኛ ትንፋሹን ታዳምጣለች። አሁንም ከእሷ ትንፋሽ ጋር አልገጠመም።

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ጉርሻው አየር ላይ ቆመ። ባዶ አንጓውን ያዘ።

"ደንግጣለች" አለ።

ስመኝ ሳህኑን ገፍታ ተነሳች። "የታለ አምባሩ? እኮ የታለ? ምኑን ነው የምትሰማው? ሞቼስ እንኳ አትለቀኝም ይህቺ ሴትዮ!"

ሳትጨርስ ሳይረኑ ጮኸ።

ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ማሳው ላይ ጭስ የለም፤ ጋሽ ላምቤቦ ያን ቀን አላቃጠሉም። የትኛው ወረዳ ደመራውን ያለ ተራው እንዳነሳ፣ ወይም እውነተኛው ነገር መጥቶ እንደሆነ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ሆኖ የሚያውቅ አልነበረም። ጎረቤቶች የወለላቸውን ክዳን ሲያነሱ ይሰማል። ይትባረክ አልተነቃነቀም።

"ኬብሮን ናት ‘አየሁ’ ያለችው" አለ። "ቀድማ የምትለው እሷ ናት።"

"ሌላውስ?"

"አላውቀውም።"

ስመኝ የይትባረክን ፊት አየች። እዚህ ነው፤ የእሷ ነው፤ በርበሬው ገና ከንፈሩ ላይ አለ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ በሆነልኝ ብላ ተመኘች፤ ተራራው ላይ፣ ከዚያች ሴት ጎን፣ ትንፋሹ ከኬብሮን ትንፋሽ ጋር ገጥሞ። ሳይረኑ ይጮኻል። ስመኝ አጠገቡ ተንበረከከች፤ ያን ነጭ የሆነ አንጓውን በሁለት እጇ ያዘችና ጆሮዋን አስጠጋች።

"ይትባረክ" አለችው። "ምን ትላለች?"